አንድ ቆርቆሮ፣ ሁለት አየር

ከደባርቅ ተነስቶ ሊማሊሞን የሚወርድ ሰው ልብሱን በየመታጠፊያው ያወልቃል። ደባርቅ መናኸሪያ ላይ ጋቢ በሹራብ ደርቦ የተሳፈረው መንገደኛ፣ ጠመዝማዛው ሲጋመስ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ ያኖራል፤ ዛሪማ ሲደርስ የሸሚዙን ሁለት ቁልፍ ፈትቶ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። በዚያች መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል። ከገብስ አገር ማሽላ አገር ገብቷል። ዛፉ ተለውጧል፣ ትንኙ ተለውጧል፣ ሰው ከቤት የሚወጣበትና የሚገባበት ሰዓት እንኳ ተለውጧል። ቤቱ ግን ያው ነው።

ያው ስል የምሬን ነው፦ የባሕር ዛፍ ምሰሶና ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ አንድ በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት፣ ከላይ ቆርቆሮ። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይገባል። ቆርቆሮ ቀን የሞቀውን ሙቀት ጀምበር እንደጠለቀች ለሰማይ መልሶ ይሰጣል፤ ቀጭን ብረት ስለሆነ የሚያጠራቅምበት ሆድ የለውም። ሊነጋጋ ሲል የተኛው ሰው ትንፋሽ ከብረቱ ሥር ውሃ ይሆንና ብርድ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። ዛሪማ ላይ ደግሞ ያው ቆርቆሮ ከረፋዱ ጀምሮ ምጣድ ነው። እዚያ ያሉት አክስቴ በበጋ አልጋቸውን ግቢ አውጥተው ነው የሚተኙት፤ ቤቱን ለዕቃው ትተውለታል። አንድ ጊዜ «ታዲያ ቤቱ ለምን ተሠራ?» ብላቸው «ለክረምቱና ለሌባው» አሉኝ።

ስለ ልብ ወለድ ሒስ እንጽፋለን፣ ስለ ፊልም እንጽፋለን፣ ስለ አንድ ዘፈን ክሊፕ እንኳ ሦስት ገጽ እንጽፋለን። ዕድሜያችንን ሙሉ ስለምንተኛበት ጣሪያ የሚጻፍ ሒስ ግን እምብዛም ነው። የሚጻፍ ሲገኝም ስለ ቪላና ስለ ፎቅ ነው። እኔ ዛሬ ስለ ሎጅና ስለ ጭቃ ቤት በአንድ ላይ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ሁለቱ በአንድ ተራራ ላይ እየኖሩ የማይተዋወቁ ዘመዳሞች ይመስሉኛልና።

አሁን በዓለም ላይ የሚወደድ አንድ ሐረግ አለ፦ ተፈጥሮን የተከተለ ኪነ ሕንፃ። ኢንስታግራም ላይ ብትፈልጉት ከሕንድ ብቻ አንድ ሌሊት ሙሉ የሚያሳይ ፎቶ ታገኛላችሁ፦ ዛፍ መሐሉን ሰንጥቆ የወጣ ሳሎን፣ እንደ ቅጠል የታጠፈ ጣሪያ፣ ከአፈር የበቀለ የሚመስል ግድግዳ። ያምራል፤ እኔም ላይክ አድርጌያለሁ። ሐረጉ እኛም ዘንድ ደርሷል። ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተሠራው ሎጅ ስሙን ከዝሆን ዳና ወስዷል። ላሊበላ ገደል አፋፍ ላይ የቆመው ቤን አበባ ምግብ ቤት ከነስሙ አበባ ነው፤ «ቤን» በስኮትላንዶች ቋንቋ ተራራ ማለት ነው። በእኔ ዓይን ግማሹ አበባ ግማሹ መንኮራኩር ነው፣ እና እውነቱን ለመናገር እወደዋለሁ። ግን የምወደው አበባ ስለመሰለ አይደለም። ክፍት ሰገነቶቹ ሰውን ወስደው ሸለቆው አፍ ላይ ስለሚያስቀምጡት ነው። አበባነቱን ብትቀንሱበት የሚጎድልበት ነገር የለም፤ ሰገነቱን ብትዘጉበት ግን ሕንፃው ይሞታል።

መልክ መምሰልና ሥራ መማር የተለያዩ ናቸው የምለው ለዚህ ነው። በዚህ ጉዳይ በዓለም ላይ ብዙ የተወራለት ሕንፃ ሐራሬ ያለው ኢስትጌት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀ፣ አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ። የተነገረለት ታሪክ የምስጥ ኩይሳን አስመስሎ ራሱን የሚያቀዘቅዝ ነው የሚል ነው። ሌሊት ቀዝቃዛውን አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ ወፍራሙን ኮንክሪት ያቀዘቅዛል፣ ቀን ደግሞ ቀዝቃዛው ኮንክሪት ሰዉን ያቀዘቅዛል። ሕንፃው ይሠራል። የሚገርመው ግን በኋላ ኩይሳን ጠጋ ብለው ያጠኑ ሰዎች ምስጥ ቤቷን በዚያ መንገድ እንደማታቀዘቅዝ አሳዩ፤ ኩይሳው ይበልጥ የሚመስለው ሳንባን ነው፣ ሥራው አየር መለዋወጥ ነው። እንግዲህ ስለ ምስጥ የነበረው ግምት ስህተት ሆኖ ሕንፃው ትክክል ወጣ። ለምን? ምክንያቱም አርክቴክቱ የሐራሬን ሌሊት በደንብ አውቆታል። የረዳው የሌሊቱና የቀኑ ልዩነት እንጂ ምስጧ አልነበረችም። (ዛሪማ ላይ ምስጥ የሚታወቀው ምሰሶ በመብላት ነው። ለአክስቴ ምስጥን የሚያወድስ አርክቴክት ብነግራቸው ምን እንደሚሉ መገመት አያቅተኝም።)

አሁን ወደ ሰሜን ተራሮች እንመለስ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ዋልያውና ጭላዳው ዝናውን ከአገር ውጭ አውጥተውታል። እንግዳ ሲመጣ ማደሪያ ያስፈልጋልና ሁለት ዓይነት መልስ ተሰጥቷል።

የመጀመሪያው ቡይት ራስ ላይ 3,260 ሜትር ከፍታ ላይ የተሠራው ሰሜን ሎጅ ነው። ክብ ክብ ቤቶች፣ ሾጣጣ ጣሪያ፦ ከሩቅ ሲያዩት የገጠር መንደር ነው። ይህን መልክ ሳየው ትንሽ ይጎረብጠኛል። ጎጆ ለእንግዳ ሲሆን «ባህላዊ» ይባላል፣ ለገበሬው ሲሆን ግን «ያልተለወጠ» ይባላል። ቴሌቪዥናችን ስንት ዓመት ሙሉ ሞዴል አርሶ አደር ሲያሳየን ነበር? ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከሣር ጎጆ ወደ ቆርቆሮ ቤት። በአንዱ ቻናል ሣሩ ድህነት ነው፣ በቱሪዝም ማስታወቂያው ሣሩ ውበት ነው።

ግን የዚህ ሎጅ ትልቁ ቁም ነገር ጣሪያው ላይ ሳይሆን ወለሉ ሥር ነው። ወለሉ ከሥሩ በፀሐይ ኃይል እንዲሞቅ ተደርጎ ተሠርቷል። ይህን ሳውቅ ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም የድሮው የደጋ ቤት በትክክል ይህንኑ ያደርግ ነበር። ከብቶቹ ከታች ያድራሉ፣ ሰው ከላይ ቆጥ ላይ ይተኛል፤ የላሞቹ ትንፋሽና ገላ ሌሊቱን ሙሉ ከሥር ያሞቀዋል። ክብ መልኩን ኮርጀው ቢሆን ኖሮ ብቻ ምንም አላደረጉም ነበር። የቆጡን ሥራ ያለ ላም መድገማቸው ግን ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ የሎጁ ባለቤት ብሆን በማስታወቂያው ላይ ከክቡ ቤት ይልቅ ወለሉን አስቀድም ነበር።

ሁለተኛው መልስ ከደባርቅ ብዙ ሳይርቅ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ሊማሊሞ ሎጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረ ነው፣ ከመሥራቾቹ መካከል የዚሁ ተራራ አስጎብኚዎች የነበሩ ልጆች አሉበት። ይኼኛው ጎጆ አይመስልም። ዋልያም፣ ጭላዳም፣ ጅብራም አይመስልም። ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ ቁመት፣ ወደ ገደሉ የተከፈተ ትልቅ መስኮት፤ መጀመሪያ ያየ ሰው «እንዴ፣ ይሄ ምኑ ነው የኛ?» ሊል ይችላል። የኛነቱ ግድግዳው ነው። ግድግዳው የተጠቀጠቀ አፈር ነው፦ እርጥበቱ የተመጠነ አፈር በሁለት ሳንቃ መካከል እየተጨመረ፣ ንብርብር በንብርብር እየተደቃ የሚቆም። ከቅርብ ሲያዩት እያንዳንዱ ንብርብር መስመር ሠርቷል፤ ገደሉ ላይ ያሉት የድንጋይ ንብርብሮች የሚመስሉት ሳይታሰብበት ነው።

እንዲህ ያለ ወፍራም ግድግዳ ለደባርቅ አየር የተፈጠረ ነው። የደጋው ችግር ቀኑ ላይ ፀሐይ ማጣት አይደለም፤ በበጋ ፀሐይ ሞልቷል፣ ግን ሌሊት የሚያቆየው የለም። ወፍራም አፈር ቀን ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ሌሊት ቀስ ብሎ ይለቃል። የሐራሬው ሕንፃ ቅዝቃዜን እንዳጠራቀመ ይሄ ሙቀትን ያጠራቅማል። በእኔ ግምት ከጎንደር ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ ካሉት አዳዲስ ሕንፃዎች ሁሉ በደንብ የታሰበው ይኸው ነው።

ቅሬታዬ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። ያ ግድግዳ ሲሠራ ባሬላ የተሸከመ፣ አፈር የጠቀጠቀ፣ ሳንቃ የሰካ ሰው አለ። ዕውቀቱ እጅ ውስጥ ገብቷል። አፈሩም ከውጭ ምንዛሪ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ይሁን እንጂ ደባርቅ ከተማ ውስጥ በዚያ መንገድ የተሠራ አንድ መኖሪያ ቤት፣ አንድ የጤና ኬላ፣ አንድ መማሪያ ክፍል አላየሁም። ጥፋቱ የሎጁ አይደለም፤ የእንግዳ ማረፊያ ሥራው እንግዳ ማሳረፍ ነው። ግን የአንድ ሌሊት ሂሳቡ በዶላር የሚነገር ቤት አፈርን ሲመርጥ፣ የቀበሌው ሰው ደግሞ አፈርን ሊሸሽ ሲሮጥ፣ በሁለቱ መካከል ማንም ቆሞ «ምን ተማራችሁ?» ያለ የለም። የ«ኢኮ» ቃል ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ዛሪማ አልደረሰም።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ወደ ጎጆ እንመለስ ነው የምትለን?» ሊል ነው። የለም። ጎጆን በፎቶ የሚወድ ሰው አንድ ክረምት ይኑርበት። የሣር ክዳን ሙቀት አቅፎ በመያዝ ቆርቆሮን ያስንቃል፣ ዝናብና በረዶ ሲወርድ ድምፁ አያደነቁርም፤ ይኼ እውነት ነው። ግን ሣሩን ከተባይና ከመበስበስ የሚጠብቀው ከሥሩ የሚነደው እሳት ነው። ጭሱ ክዳኑን ያድናል፣ የእናትን ዓይን ይጎዳል። ሁለቱን መነጠል አይቻልም። ለዚህም ነው ምድጃ የሌለው ሣር ክዳን ቶሎ የሚበላሸው። ክዳኑ በየጊዜው መታደስ አለበት፣ ሣሩ ከየት ይመጣል? እርሻውና ግጦሹ ሜዳውን በልቶታል፣ የቀረው ረጅም ሣር ያለው ፓርኩ ውስጥ ነው፣ ፓርኩ ደግሞ አይታጨድም። ቆርቆሮ ግን ገበያ ላይ አለ፣ በእሳት ቶሎ አይያያዝም፣ የዝናብ ውሃ ንጹሕ አድርጎ በርሜል ውስጥ ያወርዳል፣ ልጅ ሲዳር ያኮራል። ሰው ቆርቆሮን የመረጠው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ሒሳቡን ሠርቶ ነው። ሒሳቡ ውስጥ ያልገባው አንድ ነገር ሌሊቱና ቀትሩ ነው።

ቋንቋችን ግን እስካሁን ጎጆ ላይ ነው። የሚያገባ ሰው ኮንዶሚኒየም ቢገባም ጎጆ ወጣ ነው የሚባለው፤ ትዳር የሚመሠርት ጎጆ ቀለሰ ነው። መቀለስ እንጨቱን አጉብጦ አንድ ላይ ማሰር ነው። ቆርቆሮ አይቀለስም፣ ይመታል። ቃሉን ይዘን ሥራውን ትተነዋል።

ግጭ የዚህ ሁሉ መጨረሻ የታየበት ቦታ ነው። ግጭ ፓርኩ ውስጥ የነበረ ትልቅ የደጋ መንደር ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር፤ ከምክንያቶቹ አንዱ እርሻና ግጦሽ ነው። በ2016 ከ400 በላይ አባወራ ከግጭ ተነስቶ ወደ ደባርቅ ወረደ፣ በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለዋልያው ጥሩ ዜና ነው፣ እኔም ዋልያው እንዲተርፍ እፈልጋለሁ። ግን እንደ ሕንፃ ሐያሲ ሌላም ነገር ይታየኛል። ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ በድንጋይና በእንጨት፣ በሣርና በላም ትንፋሽ ብርድን እንዴት ማሸነፍ እንደሚቻል የሚያውቁ ሰዎች ከተማ ወርደው እንደ ማንኛውም ሰው ቆርቆሮ ሥር ገቡ። ላሙ ቀረ፣ ቆጡ ቀረ። መንደሩ በነበረበት ተራራ ላይ ክቡን ቤት የሚከራየው እንግዳ ነው። እንግዳውን አልወቅሰውም። ግን የግጭን ቤት ማን ለክቶ መዝግቦታል? ግድግዳው ስንት ክንድ ነበር፣ በሩ ወዴት ይዞር ነበር፣ ቆጡ ከመሬት ስንት ከፍ ይል ነበር? የግጭ አናጢዎች በሕይወት ሳሉ ይህን መጠየቅ ከባድ ሥራ አይደለም።

ሕንድን ያነሳሁት ለጌጥ አልነበረም። እዚያ ለእኛ ከሚያምሩት ፎቶዎች የበለጠ የሚጠቅም አንድ ሰው አለ፦ ላውሪ ቤከር። እንግሊዛዊ አርክቴክት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ሕንድ ገባ፣ ጋንዲን አግኝቷል። ጋንዲ ነገረኝ የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይነሳል፦ ጥሩ ቤት ዙሪያውን በአምስት ማይል፣ ማለትም በ8 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ በሚገኝ ነገር የተሠራ ነው። ቤከር ሐኪም ከሆነችው ሚስቱ ጋር ሂማላያ ግርጌ፣ ፒቶራጋር በሚባል ቦታ 16 ዓመት ያህል ኖረ። ተምሮ የሄደው ነገር እዚያ አልሠራለትም፤ የተራራው ሰው ድንጋይና ጭቃ እንዴት እንደሚያዋድድ እያየ እንደገና ተማረ። በኋላ ቆላ ወደሆነው ወደ ኬረላ ወረደ፣ እና እዚህ ላይ ነው ደስ የሚለኝ፤ የተራራውን ቤት ይዞ አልወረደም። ለሞቃቱና ለዝናባማው አገር ሌላ ቤት ሠራ። ጡቡን በጎኑ እያቆመ መሐሉ ባዶ የሆነ ግድግዳ ገነባ፤ ከጡቡ ሩቡን ያህል ያስቀራል፣ በመሐል ያለው አየር ደግሞ ሙቀቱን ይከለክላል። ግድግዳውን እየበሳሳ ነፋስ አስገባ። ኮንክሪት በማያስፈልግበት የጣሪያው ክፍል አሮጌ ሸክላ እየከተተ ሲሚንቶ ቆጠበ። አንድ ሰው፣ ሁለት አየር፣ ሁለት ቤት። እ.ኤ.አ. በ2007 እስኪሞት ድረስ ደንበኞቹ በአብዛኛው ሀብታሞች አልነበሩም።

ሌላው ኩች ነው፣ ጉጃራት ውስጥ ያለ ደረቅ አገር። የገጠሩ ሰው ቡንጋ የሚባል ክብ የጭቃ ቤት አለው፣ ሾጣጣ የሣር ክዳን ያለው። ፎቶውን ለአንድ የዳባት ገበሬ ብታሳዩት «የማን ሰፈር ነው?» ነው የሚላችሁ። እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 2001 ኃይለኛ የመሬት መንቀጥቀጥ መትቶ 20,000 የሚጠጋ ሰው ገደለ። በክልሉ የኮንክሪት ፎቆች ሲደረመሱ ብዙ ቡንጋዎች ቆመው ተገኙ፤ ክብ ነገር ማዕዘን ስለሌለው ግፊቱን ዙሪያውን ያካፍላል። ከዚያ በኋላ ቡጅ ከተማ ውስጥ ሁናርሻላ የሚባል ድርጅት ተቋቋመና ከመንደር ግንበኞች ጋር ሆኖ መሥራት ጀመረ። ቡንጋውን ሙዚየም አላስገቡትም፤ የቆመበትን ምክንያት ፈልገው፣ የደከመበትን አጠናክረው ሰው እንደገና እንዲኖርበት አደረጉ።

ወደ ዛሪማ ስመለስ ይህ ሩቅ ታሪክ አይመስለኝም። በ2013 ክረምት ጦርነቱ አዲአርቃይንና ዛሪማን አልፎ እስከ ዳባት ዙሪያ ደረሰ፤ ከዚያ መስመር የተፈናቀለ ሰው ደባርቅ ላይ ሸራ ሥር ከርሟል። የተጎዳ ቤት ሲጠገን መጀመሪያ የሚፈለገው ቆርቆሮና ሚስማር ነው። ማንም ይህን አይወቅስም፣ ክረምት አይጠብቅም። ግን ቤት የሚሠራ መንግሥትም ሆነ ረጂ አንድ ንድፍ ለደጋም ለቆላም ሲያዘጋጅ፣ ለሚቀጥሉት 30 ዓመታት የሰው እንቅልፍ ላይ ነው የሚወስነው።

በጋንዲ 8 ኪሎ ሜትር ብንለካው ደባርቅ ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ አለ፣ አፈር አለ፣ ጭድ አለ፣ ባሕር ዛፍ አለ። ቆርቆሮው ይቆይ፤ የሚያስፈልገው ከሥሩ ኮርኒስ ነው። የድሮ ሰዎች አቡጀዲ ወጥረው ያደርጉት ነበር፣ እሱ እንኳ ጠብታውን ይይዛል። ጭድና ጭቃ በቀርከሃ ወይም በጭራሮ ላይ ቢረግ ደግሞ ሙቀቱን ይይዛል። መስኮቱ በበጋ ፀሐይዋ ወደምታዘነብልበት ወደ ደቡብ ይዙር። ግድግዳው ይወፍር። ዛሪማ ላይ ደግሞ ተቃራኒው፦ ጣሪያው ከግድግዳው ትንሽ ከፍ ብሎ ትኩሱ አየር የሚወጣበት ክፍተት ይተውለት፣ ቆርቆሮው ነጭ ይቀባ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ያለው ግድግዳ መስኮት አይኑረው፣ በረንዳው ሰፊ ይሁን። ሰው ውሎውን በረንዳ ላይ አይደለም እንዴ የሚያሳልፈው? ታዲያ ለምንድን ነው በረንዳው ሁልጊዜ ከቤቱ ሁሉ ጠባቡ ክፍል የሚሆነው?

አንድ አናጢ ይህን ስነግረው «ኮርኒስ የሆቴል ነው» አለኝ። ልክ ነው፣ አሁን የሆቴል ነው። ደባርቅ ግን ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ሁለት ተማሪዎች ሁለት ቴርሞሜትር ይዘው፣ አንዱ ደባርቅ አንዱ ዛሪማ፣ ኮርኒስ ባለውና በሌለው ቤት ውስጥ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ሌሊትና ቀን ቢመዘግቡ፣ አናጢው የሚያምነው ቁጥር ይገኝ ነበር።